አባሮሽ ከነቦርጩ

ጎልማሶች አባሮሽ ሲጫወቱ የሚያሳይ ኮሜዲ አለ ሲሉኝ ገና ሳልከፍተው ነው መሳቅ የጀመርኩት። ከከፈትኩት በኋላ ግን አቆምኩ።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው «ታግ» ነው፤ መነሻውም እውነተኛ ታሪክ ነው። አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት፣ ስፖኬን ከተማ ውስጥ በአንድ የካቶሊክ ትምህርት ቤት አብረው የተማሩ 10 ወንዶች ነበሩ። በ1982 በትምህርት ቤቱ የመጨረሻ ቀን አንደኛው የማባረሩ ተራ እሱ ላይ ቀረ፤ ሊነካው ያሰበው ጓደኛው መኪና ውስጥ ገብቶ በሩን ቆለፈበት። ሚስኪን፣ ዕድሜ ልኩን ተረኛ! ከዓመታት በኋላ ሲገናኙ አንጀታቸውን በላው መሰል ጨዋታውን ቀጠሉት፤ በየዓመቱ በፌብሩዋሪ ወር ብቻ። ከመሃላቸው ጀማሪ ጠበቃ የሆነው ደግሞ የጽሑፍ ውል አረቀቀላቸው። (እኛ ዕቁብ እንኳን በቃል እየጣልን!)

ከዚያ ወዲያ ያላደረጉት የለም። አንዱ በአባቱ ቀብር ላይ ተነክቷል። ሌላው በአውሮፕላን ተሳፍሮ መጥቶ መኪና ኋላ፣ ሻንጣ የሚጫንበት ውስጥ ተጣጥፎ ገባ። የሚፈልገው ጓደኛው ከሚስቱ ጋር መጥቶ ሲከፈት፣ ዘሎ ነካው። ሚስትየዋ በድንጋጤ ወደኋላ ስትል ወደቀችና የጉልበቷ ጅማት ተበጠሰ። ያ ተጣጣፊ ሰውዬ በኋላ ምን ሆነ? ቄስ!

ዎል ስትሪት ጆርናል ጋዜጣ በ2013 ታሪካቸውን ጻፈው፤ ሆሊዉድ ገዛው። እንዲህ ያለ ታሪክ ይዞ ማበላሸት ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

መጀመሪያ አሥሩን ሰዎች አምስት አደረጓቸው። ቄሱንም ጣሉት። ቄሱን! ኑዛዜ ለመስማት በተቀመጠበት ከመጋረጃው ወዲያ አንዱ «አባ፣ ኃጢአቴ ብዙ ነው» ሲል ቆይቶ እጁን ሰደድ አድርጎ ቢነካውስ? ይህችን እኔ በነፃ እጽፍላቸው ነበር።

በቄሱ ፈንታ ጄረሚ ሬነርን አመጡልን፤ ሆክአይ ሆኖ በቀስት ሲያነጣጥር የምናውቀውን። እዚህ 30 ዓመት ማንም ነክቶት የማያውቅ ሰው ነው። ይገለባበጣል፣ ይፈናጠራል፤ ፊልሙ ዝግ ይልና እሱ የጓደኞቹን ስህተት በሐሳቡ አንድ በአንድ ይተነትንልናል። መጀመሪያ ላይ ፈገግ አልኩ። ሲደጋገም ባለቤቴ እንቅልፍ ወሰዳት።

ለመሆኑ አባሮሽ ላይ የማይያዝ ልጅ ማን ይወዳል? እኛም ሰፈር እንዲህ ያለ ልጅ ነበር፤ ጨዋታ የምንጀምረው እናቱ ሱቅ እስክትልከው ጠብቀን ነው። አባሮሽ የሚያስቀው ሊያዝ የሚችል ሰው ሲሮጥ ነው፤ ያውም ጎልማሳ ከሆነ፣ ቦርጩን ይዞ፣ አጥር ሥር ቁጭ ብሎ ትንፋሹን እየሰበሰበ «ቆይ፣ ቆይ፣ ጫማዬ ተፈታ» ሲል። ጫማው ማሰሪያ የለውም።

እውነት ለመናገር መጀመሪያው አካባቢ አንድ የምትጣፍጥ ነገር አለች። ኤድ ሄልምስ የሚጫወተው የእንስሳት ሐኪም፣ የኢንሹራንስ አለቃ የሆነውን ጓደኛውን ለመንካት ሲል እዚያው መሥሪያ ቤት በጽዳት ሠራተኝነት ይቀጠራል። ሰው ለአንዲት ንክኪ ዲግሪውን ሲያጥፍ፣ ይሄ ኮሜዲ ነው! ኮሜዲያኑ ሃኒባል በረስም አለ፤ ሌሎቹ እየሮጡ ያላገኙትን ሳቅ እሱ ቆሞ በማውራት ያገኘዋል። ከዚያ ግን ከጨዋታው ለማምለጥ ተብሎ ጽንስ ወረደ የሚል ውሸት ይመጣል፤ እዚህ ላይ ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ዋናው ቀልድ ለካ ከካሜራው ጀርባ ኖሯል። ሬነር ገና ቀረጻው እንደተጀመረ የወንበር ክምር ተንዶበት ሁለቱም እጆቹ ተሰበሩ። 30 ዓመት ማንም ያልነካውን ሰው ወንበር ነካው! ጀሶ የተደረገባቸውን እጆች በኮምፒውተር ሸፍነው ፊልሙን ጨረሱ። ለዚህ ለዚህማ እሱኑ ከነጀሶው ቢያስሮጡልን ምን ነበረበት?

ፊልሙ አልቆ ስም ዝርዝር ሲመጣ ሪሞቱን አነሳሁ። ይሄኔ እውነተኞቹ ሰዎች ራሳቸው በቀረጹት ቪዲዮ ብቅ አሉ። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ሰዎቹ ይጯጯሃሉ፤ ዝግታ የለ፣ ትንተና የለ። ስንከተከት ባለቤቴ ነቃችና ጥቂት አይታ፣

«አንተ፣ እንዲህ ያለ ፊልም እያለህ ነው እንዴ ያንን ስታሳየኝ ያመሸኸው?» አለችኝ።