ለክቡር ቀይ ቀበሮ የቀረበ የቃለ ምልልስ ጥሪ

በዚህ በእኛ ዘመን በቴሌቪዥን ሶፋ ላይ ተቀምጦ የሕይወቱን ታሪክ ያልተረከ ዝነኛ ቢፈለግ አይገኝም፤ ዘፋኙም፣ ተዋናዩም፣ ኳስ ተጫዋቹም በየተራው ቀርቦ፣ የልጅነቱን ችግር አውስቶ፣ አልቅሶ፣ በመጨረሻም እናቱ ሳይታሰብ ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ ብለውለት እንደገና አልቅሶ ተሸኝቷል። አበው የጻድቃንን ገድል ይጽፉ የነበረው ጻድቁ ካረፈ፣ ሥራውም ከተመሰከረለት በኋላ ነበር፤ ዛሬ ግን ምስጋና ለሥልጣኔ ይሁንና ባለ ገድሉ በሕይወተ ሥጋ ሳለ፣ አልበሙም ገና ገበያ ሳይወጣ፣ ገድሉ በማስታወቂያ እየተከፈለ ፊቱ ላይ ይነበብለታል።

ለአቅራቢዎቹ ያለኝ አድናቆት ደግሞ ከዚህም ይልቃል። «ሰይፉ በኢቢኤስ»፣ «ጆሲ ኢን ዘ ሃውስ» እንደሚባለው ሁሉ የአቅራቢ ስም በዝግጅቱ ግንባር ላይ መጻፉ የሚያስመሰግን ግልጽነት ነው፤ የባለቤቱ ስም በደጁ በተጻፈበት ቤት እንግዳ የሆነ ሰው የማን ድምፅ እንደሚበዛ ቀድሞ ያውቃልና። ማንንም ለይቼ አልናገርም፤ የምናገረው በሬዲዮውም በቴሌቪዥኑም ስለ ሰፈነው ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት አቅራቢው ጥያቄውን ሲያቀርብ፣ «ያኔ በጣም ከብዶህ ነበር አይደል? ግን ተስፋ አልቆረጥክም። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ እንዲሁ ሆኜ…» ብሎ ይጀምርና ጥያቄውንና መልሱን አንድ ላይ አስታቅፎ፣ የራሱንም ገድል በላዩ መርቆ ሲያበቃ፣ ለእንግዳው «አዎ፣ በትክክል» የምትለዋን ቃል ይተውለታል። እንግዳው ያችን ቃል እንደ ተናገረ አቅራቢው «ዋው!» ይላል፤ ተመልካቹም ያጨበጭባል።

በዚህ ረገድ የሸገር ኤፍ ኤም 102.1ዋ መዓዛ ብሩ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደ ቀሩ ሳይ አዝናለሁ። በ«የጨዋታ እንግዳ» አንድን አረጋዊ ይዘው ለሳምንታት ሲያወጉ፣ በአጭሩ ይጠይቁና ዝም ይላሉ፤ ዝምታ በአየር ሰዓት ላይ የሚፈጸም ብክነት መሆኑን የነገራቸው ያለ አይመስልም። ስለዚህም አድማጩ ዝግጅቱ ሲያልቅ ስለ እንግዳው ብዙ አውቆ፣ ስለ አቅራቢዋ የጫማ ቁጥር እንኳ ሳይሰማ ይነሣል።

በባሌዋ ሮቤ ከተማ በአንድ ቡና ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቴሌቪዥን እንዲህ ያለውን ጨዋታ ሲያሰማ፣ የኮምባይን ወረፋ የሚጠብቁ የሲናና ስንዴ ገበሬዎች አንገታቸውን አቅንተው ይመለከቱ ነበር። ከእነርሱ መካከል አንድ አዛውንት፣ እንግዳው የሚናገረው መቼ እንደ ሆነ አጠገባቸው የተቀመጠውን ጎልማሳ ጠየቁት። «ኦቦ፣ እሱማ ተናግሮ ጨረሰ!» አላቸው። አዛውንቱ አልገባቸውም፤ አይፈረድባቸውም፤ በባሌ ልማድ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ስለ ሰላሙ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ እየተጠያየቁ ለእያንዳንዱ መልስ ጆሮ ይሰጣሉ እንጂ የሌላውን መልስ ቀምተው አይመልሱም።

እንግዲህ ዝነኞቻችን በየጣቢያው እየዞሩ ያንኑ ገድል ሦስቴና አራቴ ስለ ተረኩ፣ የእንግዳ እጥረት ለሚያሰጋቸው አቅራቢዎች አንድ ዕጩ በትሕትና አቀርባለሁ፤ ይኸውም ቀይ ቀበሮ ነው። ከሮቤ በጎባ በኩል ሽቅብ ወጥተው የቱሉ ዲምቱ ተራራ በ4,377 ሜትር ከፍታ ላይ ወደሚታይበት ወደ ሳነቲ አምባ ቢዘልቁ፣ በየጓሳው መሐል በአርምሞ ተቀምጦ ያገኙታል። ዝናው አያጠራጥርም፤ በዓለም ሁሉ ከ500 የማይበልጡት ወገኖቹ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የሉም፤ ከእነርሱም ከግማሽ የሚበልጡት ነዋሪነታቸው በባሌ ነው። መኖሪያውም በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብሎ ተመዝግቦለታል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የማይናገር መሆኑ ነው፤ አቅራቢው ይህን ጉድለት ልብ ሳይል ዝግጅቱን ሊፈጽም ይችላልና።

«መጀመሪያ ፍልፈል የያዝክባት ቀን ምን ተሰማህ? ደስ ብሎህ ነበር አይደል?» ይለዋል፤ ቀበሮውም ፍልፈሉ በሚወጣበት ጉድጓድ ላይ ዓይኑን እንደ ተከለ ጆሮውን ብቻ ያነቃንቃል። «ትሑት ነህ!» ይለዋል። አደኑን ለብቻው እየወጣ፣ ግዛቱን ግን ከመንጋው ጋር ስለሚጠብቅበት ጥበብ አይጠየቅም፤ ከገበሬው ውሻ እየተጋባ ወገኖቹን ደጋግሞ ስለ ፈጀው የእብድ ውሻ በሽታም እንዲሁ አይነሣም፤ የውሻ ክትባት ለሰርፕራይዝ አይመችም። ከዚያ ካሜራው ቁልቁል ወደ ሃረና ጫካ ወርዶ፣ የጫካ ቡና የሚለቅሙትንና ቀፏቸውን በረጃጅም ዛፍ ላይ የሚሰቅሉትን ሰዎች ለጀርባ ውበት ያህል ያሳያል፤ አንዱ ኪሎ ቡና በስንት እንደ ተሸጠ መጠየቅ ግን የመዝናኛውን መንፈስ ያውካል።

የወጪው ነገር አያሳስብም፤ የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1112 ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ከታገደ ወዲህ ቦታው ክፍት ነውና፣ አንድ ቤት ሻጭ ለቀበሮው ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ በስጦታ እንደሚያበረክትለት አልጠራጠርም። አቅራቢውም ቁልፉን ጓሳው ላይ አስቀምጦ፣ እንባውን ጠርጎ፣ ወደ ካሜራው ዘወር ይልና የሚቀጥለውን ሳምንት እንግዳ ያስተዋውቃል፤ እርሱም ከቀይ ቀበሮ ጋር ስላለው የቆየ ግንኙነት ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ የሚናገረው ፍልፈል ነው።