ጊድር ጋር ስንት ኮከብ ይገባዋል?

በ2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሆቴሎች በተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት አጋዥነት ተመዝነው ኮከብ ሲታደላቸው፣ ሆቴል ነኝ ያለ ተጠየቀ፤ ሆቴል ነኝ ያላለ አልተጠየቀም። በሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ ያለው ጊድር ጋር፣ የሐረሪዎች ባህላዊ መኖሪያ ቤት፣ ያለ ኮከብ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ዩኔስኮም በ1998 ዓ.ም. ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ስለ ፎጣና ስለ ቁርስ ያለው ነገር የለም። ይህ ጥናት ክፍተቱን ይሞላል። መከራከሪያውም አጭር ነው፦ የቅንጦት ሆቴል የሚሸጠው አልጋ አይደለም፤ አልጋማ መናኸሪያ አካባቢም ሞልቷል። የሚሸጠው ከሌላው ሰው ከፍ ብሎ መቀመጥን ነው፤ ይህን ደግሞ ጊድር ጋር በድንጋይና በጭቃ ሠርቶ ከጨረሰ ቆይቷል።

ማስረጃው ከደጃፉ ይጀምራል። ጫማውን አውልቆ የገባ እንግዳ የሚጠብቀው ሶፋ ሳይሆን ምንጣፍና ትራስ የለበሰ፣ ከፍና ዝቅ ብሎ የተሠራ፣ አብዛኛውን ጊዜ አምስት የሆነ መደብ ነው። ነደባ ይሉታል። አሚር ነደባ የቤቱ ጌታ መቀመጫ ነው፤ ከዚያ ላይ ሆኖ ገቢ ወጪውን ያያል። ጊድር ነደባ ለትልልቆቹ ነው፤ ጢት ነደባ ዝቅ ብሎ ለታናናሾቹ። ዘመናዊው ሆቴል ይህንኑ ለማድረግ ስታንዳርድ፣ ዴሉክስና ፕሬዚዳንሻል ስዊት እያለ ሕንፃውን ወደ ሰማይ ይቆልላል፤ እንግዳውም ደረጃውን የሚያውቀው ከዋጋ ዝርዝሩ ነው። ጊድር ጋር ግን ማዕረጉን ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ስላሰባሰበው ዝቅ ያለው ከፍ ያለውን እያየ ይውላል። የፕሬዚዳንሻል ስዊት ተከራይ ትልቁ ጉዳት እዚያ ማደሩን የሚያይለት ሰው ማጣቱ መሆኑን ልብ ይሏል። ጌጡም ቢሆን አይታማም፤ ግድግዳው ላይ እንደ መደርደሪያ የተፈለፈሉት ጎድጓዶች አብዛኛውን ጊዜ 11 ናቸው፤ በዙሪያቸውም ሴቶቹ የሰፉት ስፌት በየመጠኑ ተሰቅሏል። ከግንቡ ውጭ ያለው ሆቴል ያንኑ ስፌት ገዝቶ ሎቢው ውስጥ ሲሰቅል ማን ከማን እንደኮረጀ ለመወሰን ኮሚቴ ማቋቋም አያስፈልግም።

በአገልግሎት ረገድ ልዩነቱ ይሰፋል። በቀድሞው ልማድ ሙሽሮቹ ኪርታት በምትባል ጠባብ ክፍል አንድ ሳምንት ሙሉ ይዘጋባቸዋል፤ ምግብና ውሃ በትንሽ መስኮት ይቀበላሉ። «አትረብሹን» የሚል ካርድ እጀታው ላይ ማንጠልጠል አላስፈለገም፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በስልክ ሳንድዊች ያዘዘ የሆቴል እንግዳ ትእዛዙ እስኪደርስ ይጠብቃል፤ ሙሽራው ግን ምን ይምጣልህ ስለማይባል የሚዘገይበት ነገር የለም። ማለዳ ቀስቅሱኝ ብሎ የሚያስመዘግብም የለም፤ ጀጎል 82 መስጊዶች አሏት። ጽዳቱ የሌሊት ፈረቃ ነው፤ ጅቦች እየገቡ አጥንቱንና ትርፍራፊውን ይለቅማሉ። ደመወዝም የደንብ ልብስም ጠይቀው አያውቁም። ሲመሽ ከግንቡ ውጭ እንግዳው ገንዘብ ከፍሎ በእንጨት ጫፍ ሥጋ ያጎርሳቸዋል፤ የጽዳት ሠራተኛን ለማጉረስ እንግዳ የሚሰለፍበት ባለ አምስት ኮከብ እስካሁን አልተከፈተም።

ተቃዋሚ አይጠፋም። መዋኛ ገንዳውስ የት አለ? ይላል። ሐረር ስትጠጣው የኖረችው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደርቆ ነበር። ሐይቅ እስከ ማለቅ በደረሰበት አገር ገንዳ አለመቆፈር ጉድለት ሳይሆን ጨዋነት ነው፤ ለዚያውም ሮቶውን በየጊዜው አንኳኩቶ ድምፁን ለሚያዳምጥ ሰው። ታዋቂ እንግዳ የለውም የሚል ካለ ደግሞ መዝገቡን ይመልከት። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 ገብቶ አሥር ቀን ቆይቷል፤ ያስጨነቀውም የመውጫ ፈቃድ ነበር። የዛሬ ሆቴል እንግዳው ክፍሉን በሰዓቱ ካልለቀቀ ያስከፍለዋል፤ የሐረሩ አሚር ግን እንግዳውን ቶሎ መልቀቅን እንደ ነውር ሳይቆጥረው አልቀረም። ከዚህ የሚበልጠው የፈረንሳዊው ገጣሚ የራምቦ ጉዳይ ነው። ራምቦ ሐረር የመጣው እ.ኤ.አ. በ1880 ነው፤ የሞተው በ1891። ዛሬ ጎብኚ የሚጎርፍበትን «ራምቦ ቤት» ያሠራው ደግሞ ከዚያ በኋላ አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ነው። ሌላው ሆቴል «እገሌ እዚህ አድሯል» ለማለት እገሌን ማሳደር፣ ማብላትና አንሶላ መቀየር ግድ ይሆንበታል፤ ሐረር ይህን ሁሉ ወጪ አስቀርታ ስሙን ብቻ አስቀርታለች።

መታጠቢያው የጋራ ነው የሚለው ወቀሳ፣ ዛሬ በክፍያ እንግዳ የሚያሳድሩትን ጥቂት የጀጎል ቤቶች ይመለከታል፤ እውነትም ነው። ፎጣ ትከሻ ላይ ጥሎ ግቢ ውስጥ ተራ መጠበቅ ግን ከማያውቁት ሰው ጋር ያስተዋውቃል፤ ትልልቆቹ ሆቴሎች ለዚህ ሲሉ ሎቢና ባር ይሠራሉ። የማይመለሰው ተቃውሞ የመኪና ማቆሚያው ነው። መኪና እስከ ፈረስ መጋላ አደባባይ ይዘልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው አብዛኛው መተላለፊያ ሁለት ሰው ሲገናኝ አንዱ ትከሻውን የሚያዞርበት ነው። መዛኙ እዚህ ላይ ዜሮ ቢሰጥ አንቃወምም። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዘመን ግንቡን ሲያሠራ ያሳሰበው የሚመጣው ሰው የት ይቁም የሚለው ሳይሆን በምን ይቁም የሚለው ነበር።