ጋቢ ለብሶ ኮሪደር ላይ

እሑድ ጠዋት ነው። ሽሮዬን ጥጄ፣ ቆሻሻ ላወጣ በነጠላ ጫማ ብቅ ስል ነፋስ በሩን ከኋላዬ ድርግም አደረገው። ቁልፍ ውስጥ፣ ስልክ ውስጥ፣ ሽሮ ውስጥ፤ እኔ ጋቢ ለብሼ የኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ።

ባደግኩበት የቀበሌ ቤት እንዲህ ያለ ጣጣ አይታወቅም። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ የአንድ ባለጸጋ የነበረው ግቢያችን ለብዙ አባወራ ተሸነሸነ። ቧንቧው የጋራ፣ ማድቤቱ የጋራ፣ ሽንት ቤቱም የጋራ። በጭቃው ግድግዳ የጎረቤት ሳል ያልፋል፤ በር የሚቆለፈው ለሌሊት ብቻ ነው። (ናፍቆት እንዳይመስላችሁ። በክረምት ሌሊት ግቢ አቋርጦ ሽንት ቤት መሄድ አይናፍቅም። ደሞዝህ ከኪስህ ሳይወጣ ለምን እንደሚውል ግቢው ያውቀዋል።)

ወደ ኮሪደሬ ልመለስ። የመጀመሪያውን በር አንኳኳሁ፤ ዝም። ሁለተኛው፣ “ማነው?” “ጎረቤት ነኝ።” “የትኛው ጎረቤት?” መልስ አጣሁ። ወዲያ ጫፍ ላይ በርበሬ የሚያሰጡ እናት ቀና አሉና፣ “ልጄ፣ የሚያረው ሽሮ ያንተ ነው?” አሉኝ። ስሜን አያውቁትም፤ ሽሮዬን ግን በአፍንጫቸው ለይተውታል። ወንድ ልጃቸው በቢላዋ የኪችኔን መስኮት ፈለቀቀና ዘሎ ገባ። መስኮቱ ወደ ኮሪደሩ ባይከፈት፣ ፍርግርግም ቢኖረው ኖሮ አልቆልኝ ነበር። ድስቱ ሲወጣ ያ ዝም ያለው በርም ተከፈተ፤ ለካ ሰው ነበረበት! ቡና እናትዬው ቤት ተፈላ፤ እኔ ከነጋቢዬ።

እንደኛው ያሉ የ20/80 ኮንዶሚኒየም ቤቶች አብዛኞቹ ሊፍት የላቸውም። የእኛ ሕንፃ በሮች ሁሉ ወደ አንድ ክፍት ኮሪደር ነው የሚወጡት፤ ቤትህ ለመግባት በሰው ደጅ ማለፍ ግድ ነው። ይህ ለርካሽነት ሲባል የተሠራ ይመስለኛል፤ ያም ሆኖ ጎረቤት የሚያደርገን እሱ ነው። ንድፍ አውጪዎቹ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ በግ የሚታረድበት የጋራ ቤትም አስበውልን ነበር። የኛ ሳይቱ ተከራይቶ ሱቅ ሆኗል። ስለዚህ ለፋሲካ በጉ ደረጃ ላይ ይታረዳል፤ ደሙን ማን ይጠብ የሚለው ጭቅጭቅም እዚያው ይካሄዳል። ጭቅጭቁም ቢሆን ትውውቅ ነው፤ ስም የምንጠራራው ያኔ ነው።

ወዳጄ ግን ሊፍት ያለው የ40/60 ኮንዶሚኒየም ቤት ደርሶታል። ሊፍቱ ግሩም ነው። ውስጡ የገባ ሁሉ ቁጥሩን እያየ ይወጣል፤ “እንደምን አደራችሁ” ያልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እሱም እንደ ጥፋት ተቆጠረብኝ።

እናንተ መሐንዲሶች፣ ሊፍቱን አትንፈጉን፤ ጉልበት የለንም። የኪችኑን መስኮት ግን እባካችሁ ወደ ኮሪደር አድርጉልን።