ስለ ካፒታል ፊደል አሿሿም

የግዕዝ ፊደል ታላቅና ታናሽ አያውቅም። «ንጉሥ»ም «ንፍሮ»ም የሚጀምሩት በአንዱ ን ነው፤ ቁመቱም አይለያይም። እንግሊዝኛ ግን ፊደሉን በሁለት ማዕረግ ከፍሎ ካፒታልና ስሞል ብሎታል። ይህ ጥናት ሹመቱ በምን መስፈርት እንደሚሰጥ ይመረምራል።

ቀዳሚው ግኝት ራስን ይመለከታል። «እኔ» ማለት የሆነችው «አይ» ዐረፍተ ነገር መሐል ብትገባም ቀጥ ብላ ትቆማለች። አንተ፣ አንቺ፣ እናንተና እርስዎ ታጭቀው የሚኖሩባት «ዩ» ግን እንዳጎነበሰች ትኖራለች። ጀርመኖች እንኳ «እርስዎ»ን በካፒታል፣ «እኔ»ን በስሞል ይጽፋሉ፤ ከጎረቤት መማር ይቻል ነበር።

አጥኚው ጉዳዩን በተግባር የፈተሸው ለአለቃው በእንግሊዝኛ የዓመት ፈቃድ ሲጠይቅ ነው። ባሳዳጊዎቹ ወግ «አይ»ን ዝቅ፣ «ዩ»ን ከፍ አድርጎ ጻፈ። ኮምፒውተሩ «አይ»ን ሳይጠየቅ ብድግ አደረጋት፤ ከ«ዩ» ሥር ደግሞ ሰማያዊ መስመር አሰመረባት። ማመልከቻው ስድስት «እኔ» ደረቱን ነፍቶ የቆመበት ሆኖ ሄደ። ፈቃዱም በዚያው ቀን ተፈቀደ¡

የቀን መቁጠሪያውም ሹመት ግራ ነው። የሳምንቱ ቀናትና ወራቱ ካፒታል ሲደረብላቸው፣ በጋና ክረምት በስሞል ቀርተዋል። ክረምት ወራቱን ሙሉ ለፍቶ ያላገኘውን ማዕረግ ማክሰኞ በአንድ ቀን ትለብሰዋለች።

ከነጥቦቹ ወገን ባለጸጋዋ ኮማ ናት። በዝርዝር መጨረሻ፣ ከ«እና» ወይም ከ«ወይም» በፊት የምትገባው፣ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ስም ኦክስፎርድ ኮማ ትባላለች። የአሜሪካዋ ሜይን ግዛት ሕግ የትርፍ ሰዓት ክፍያ የማያሰጡ ሥራዎችን ሲዘረዝር መጨረሻ ላይ ይህችን ኮማ ዘለላት። ስለዚህ «ማሸግ» ለጭነትም ለማከፋፈልም ይሁን፣ ወይስ «ማከፋፈል» ራሱን የቻለ ሥራ ይሁን አልለይ አለ። የኦክኸርስት ወተት ድርጅት ሾፌሮች እኛ የምናከፋፍል እንጂ የምናሽግ አይደለንም ብለው ተከራከሩ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2017 እ.ኤ.አ. ለእነሱ ፈረደ፤ በዓመቱ ድርጅቱ 5 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። የእኛ ነጠላ ሰረዝ ዕድሜዋን ሙሉ ሠርታ ለማንም የትርፍ ሰዓት አስከፍላ አታውቅም።

ይህ ሁሉ ጥሪት ያለው እንግሊዝኛ የስላቅ ምልክት ግን የለውም። እኛ ትእምርተ ስላቅ አለን። አንባቢ ከላይ ከፈቃዱ ወሬ ጎን የተዘቀዘቀውን ቃለ አጋኖ አይቶ የማተሚያ ቤት ስሕተት ከመሰለው፣ አይደለም።