ትሪ ተሸካሚው ተዋናይ፦ ከከሚሴ ምግብ ቤቶች የተገኘ ጥናት

በአገራችን ቴሌቪዥን ታሪክ ላይ የሚመራመሩ ሰዎች አንድ ወሳኝ ጥያቄ ሳይነኩ ያልፋሉ። ዛሬ በፖስተር ላይ ፊቱ ከፊልሙ ርዕስ ገዝፎ የሚታተምለት ዝነኛ ተዋናይ መጀመሪያ በስክሪን ብቅ ያለ ቀን እጁ ላይ ምን ይዞ ነበር? ይህ ጥናት የደረሰበት መልስ «ትሪ» የሚል ነው። አልፎ አልፎ ክላሽ፣ አልፎ አልፎ የሆስፒታል ካርድ ሊሆን ይችላል። በአመዛኙ ግን ትሪ ነው፤ ትሪው ላይ ደግሞ አንድ ማኪያቶ።

ጥናቱ ከሚሴ ላይ የተደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ከሚሴ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደሴ መንገድ ላይ ትገኛለች። ስለዚህም አውቶቡስ የሚቆምባት፣ ተሳፋሪ ተሽቀዳድሞ ወርዶ የሚበላባትና ሹፌሩ ጥሩምባ ሲነፋ ጉርሻውን በአፉ እንደያዘ የሚሮጥባት ከተማ ናት። እንዲህ ባለ ከተማ አሳላፊ መሆን የለየለት ሙያ ነው። ልጁ በግራ ክንዱ ሦስት ሰሃን ደርድሮ፣ በቀኙ የለስላሳ ጠርሙሶች አንገት በጣቶቹ መሃል ቆልፎ፣ «አንድ ጥብስ! አንድ ተጋቢኖ!» እያለ ወደ ማድ ቤት ይጮሃል፤ ያንንም እያደረገ አጥንት ፍለጋ የገባችውን ድመት በእግሩ ያስወጣል። የቴሌቪዥን ትሪ አያያዝን ለመገምገም ከዚህ የተሻለ ባለሙያ አገሪቱ ውስጥ አይገኝም።

ቴሌቪዥኑ ከጣሪያው ሥር በብረት ታስሮ ተሰቅሏል፤ ሪሞቱ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ሒሳብ ተቀባይዋ ጋ ይቀመጣል። የቆየ ድራማ በድጋሚ ሲታይ አሳላፊው ለአፍታ ቀና ይላል። ዛሬ ስሙ የገነነው ተዋናይ፣ ያኔ ገና ጢም ሳያበቅል፣ ከኋላ በር ይገባል። ትሪውን በሁለት እጁ ጨብጧል፤ ዓይኑ ከስኒው ላይ አይነሳም። ከፊት ለፊት መጥቶ በሁለቱ ተዋንያን መሃል ያስቀምጥና «ሌላ የሚታዘዝ?» ብሎ መልስ ሳይጠብቅ ይጠፋል። «ይሄ ልጅ ትሪ ይዞ አያውቅም፣ ወላሂ!» ይላል የእኛው ገምጋሚ፣ ክርኑ ላይ ያለውን ሽሮ ሳያናውጥ።

ከዚህ ይልቅ ገምጋሚዎቹን የሚያንገበግባቸው ሌላ ጉዳይ ነው። በድራማ ውስጥ ያ ማኪያቶ አይጠጣም። ፍቅረኞቹ ሁለት ቃል ይለዋወጣሉ፣ ይጣላሉ፣ ሴቲቱ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ትነሳለች፣ ወንዱ ይከተላታል። ሒሳብ የከፈለ የለም። ጀማሪው ተዋናይ የመጀመሪያ ሚናውን የጨረሰው እንግዲህ በኪሳራ ነው። ፋና ቴሌቪዥን ላይ ይታይ የነበረው «ምን ልታዘዝ» የተሰኘው አስቂኝ ድራማ ካፌ ውስጥ መካሄዱና ርዕሱንም ከአሳላፊ አፍ መውሰዱ፣ ለዚህ የተረሳ ሙያ የተከፈለ ካሳ ተደርጎ መታየት አለበት።

የታሪክ ዳራ ማስገባት ግድ ነው። ቴሌቪዥን አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን ሥርጭቱ ከመዲናዋ ብዙም አይርቅም ነበር። ከሚሴ በዚህ ምክንያት ለዓመታት የማንንም ጀማሪ ሐፍረት ሳታይ ኖራለች፤ ልማት ዘግይቶ መድረሱ ከጠቀመባቸው ጥቂት መስኮች አንዱ ይህ ነው። በዚያው ዘመን የልጆች ፕሮግራም የጀመሩት ተስፋዬ ሳህሉ፣ ማለትም አባባ ተስፋዬ፣ ቀደም ብሎ በመድረክ ላይ ሴት ሆነው ይተውኑ ነበር፤ ሴቶች ለትወና የማይወጡበት ጊዜ ስለነበር። ጀማሪ ተዋናይ ቀሚስ ለብሶ ከጀመረ በኋላ የአገር ሁሉ ልጆች አባባ ሊባል ከቻለ፣ ትሪ የሚያሳፍርበት ምክንያት ለሳይንስ ግልጽ አይደለም። ልዩነቱ ምናልባት መድረክ ካሴት የሌለው መሆኑ ነው። የመድረክ ቀሚስ መጋረጃው ሲዘጋ አብሮ ያልፋል፤ የቴሌቪዥን ትሪ ግን አርካይቭ ውስጥ ይቀመጥና ባለቤቱ ቪላ ሲሠራ ጠብቆ ይወጣል።

ሁለተኛው የጀማሪ ሚና «ባላገሩ» ነው። ባላገር ለመሆን የሚያስፈልገው ጋቢ፣ ዱላና ከየትም ያልመጣ ቅላጼ ነው። ቅላጼው ጎጃም ተነስቶ፣ ወሎን በችኮላ አቋርጦ፣ ሸዋ ላይ ያድራል፤ ሁሉም በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ። ይህ ነገር አዲስ አበባ ላይ ያስቃል። ከሚሴ ላይ ግን አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ ገበታ የሚነገሩ በመሆናቸው፣ ባቲም ሰኞ ገበያ ላይ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አማራው ፍየል ሲደራደሩ ያደመጠ ጆሮ ስለሚበዛ፣ ተመልካቹ አይስቅም። ሽርጥ የለበሱ አንድ አዛውንት ቡናቸውን አስቀምጠው «የየት አገር ሰው ነው?» ብለው በቅንነት ይጠይቃሉ። ለጥያቄው እስካሁን አጥጋቢ ምላሽ አልተገኘም።

የታማሚው ሚና አጭር ነው፤ መዘዙ ግን ረጅም። በኤችአይቪ መከላከል ዘመን አስተማሪ ድራማ ላይ የጀመረ ተዋናይ ብዙ ነው፤ ተመልካቹም ትምህርቱን በሚገባ ተቀብሏል። ከመቀበሉ የተነሳ ተዋናዩን ባየ ቁጥር «አሁንስ ተሻለህ?» ይለዋል።

የውጭው ዓለም ከዚህ የተሻለ ታሪክ እንደሌለው ማወቅ ያጽናናል። ቶም ሃንክስ እ.ኤ.አ. በ1980 በጀመረ አንድ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ላይ፣ ኪራዩ ርካሽ በሆነ የሴቶች ብቻ ሆቴል ለመኖር ሲል ቀሚስና ዊግ ያደርግ ነበር። ብራያን ክራንስተንም በዓለም ከመታወቁ በፊት የኪንታሮት ቅባት አስተዋውቋል። የእኛዎቹ ከእነዚህ አንጻር ሲታዩ ትሪ መያዛቸው የክብር ጅማሬ ሊባል ይችላል።

ጥናቱ ወደ ከፍታው የሚደርሰው ተዋናዩ ራሱ ለሥራ ወደ ደሴ ሲሄድ ከሚሴ ላይ ለምሳ ሲወርድ ነው። ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ኮፍያውን ደፍቶ፣ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። መነጽር በቤት ውስጥ ማድረግ «እዩኝ» ማለት መሆኑን ግን ማንም አልነገረውም። አሳላፊው ይመጣል፣ ጠረጴዛውን በጨርቅ ይወለውላል፣ ጎንበስ ብሎ ያየዋል። ስላገኛቸው ሽልማቶች አይጠይቅም፤ የመሪ ተዋናይነቱንም አያነሳም። «ጋሼ፣ ያኔ ማኪያቶ ያመጡት እርስዎ አይደሉም?» ይላል። ተዋናዩ ያስላል። «አብሽሩ ጋሼ፣ ዛሬ እርስዎ ይቀመጡ፣ እኔ አመጣለሁ።» ማድ ቤቱ በር ላይ ሦስት ራሶች ይደረደራሉ። ትችቱ እዚያ ቦታ ላይ በኦሮምኛ ይቀጥላል፤ ተዋናዩም ስለ ቅላጼው ይሁን ስለ ትሪው ሳይገባው ጥብሱን ይጨርሳል።

በዚህ መሠረት ጥናቱ ለሚመለከታቸው ሁለት ወገኖች ምክር ያቀርባል። ድራማ አዘጋጆች ጀማሪ ተዋናይን ካሜራ ፊት ከማቆማቸው በፊት አንድ የገበያ ቀን ከሚሴ ልከው ምሳ ሰዓት ላይ ቢያሠሩት፣ ቢያንስ ትሪውን በአንድ እጅ መያዝ ይማራል። እናንተ በደሴ መንገድ የምታልፉ ዝነኞች ደግሞ፣ መነጽራችሁን አውልቁ፤ ታውቃችኋል። ስትነሱም የራሳችሁን ሒሳብ ከከፈላችሁ በኋላ በድራማው ሳይከፈል የቀረውን የማኪያቶ ሒሳብ ጨምራችሁ ለልጁ ስጡት።