ለተራው ዜጋ የሚኒስትር መልስ እንዲፈቀድ ስለማመልከት

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የሚኒስትሮች ምክር ቤት
አዲስ አበባ

ክቡራን ሚኒስትሮች ሆይ፤

እኔ አመልካቹ በቦሌ ክፍለ ከተማ ገርጂ በሚባለው ሰፈር በአንዲት ጠባብ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር የምተዳደር፣ ደብተርና እስክሪብቶ ሸጬ የቤት ኪራይና የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ የምከፍል፣ ከተረፈኝም ጋዜጣ ገዝቼ የማነብ ሰው ስሆን፣ ይህን ማመልከቻ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ቅሬታ አይደለም፤ ቅሬታ አቅራቢ በአገራችን ሞልቷል፤ እኔን ያነሣሣኝ አድናቆት ነው። ይኸውም በመደብሬ ውስጥ፣ ከሽያጭ መመዝገቢያው ማሽን በላይ በተሰቀለችው ቴሌቪዥን፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን ጠርቶ በኦዲት ግኝት ላይ ሲጠይቅ በተከታተልሁ ቁጥር፣ እናንተ ክቡራንና በሥራችሁ ያሉት ሹማምንት የምትሰጡት መልስ ከዓመት ወደ ዓመት እየረቀቀ፣ እየጠራ፣ ሥጋውን ትቶ መንፈስ ብቻ እየሆነ መሄዱን ስለ ተመለከትሁ ነው።

የነገሩን ሥርዓት ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። የፌዴራል ዋናው ኦዲተር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 101 በተሰጠው ሥልጣን የመሥሪያ ቤቶቻችሁን ሂሳብ እየመረመረ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሪፖርት ያቀርባል፤ በአቶ ገመቹ ዱቢሶ ዘመን የቀረበውን በወይዘሮ መሠረት ዳምጤ ዘመን ከቀረበው ጋር ላስተያየ ሰው አኃዙ ይለዋወጣል እንጂ አርእስቱ ፈቀቅ አይልም፦ በወቅቱ ያልተወራረደ ሂሳብ፣ ማስረጃ ያልቀረበለት ወጪ፣ የግዥ ሥርዓትን ሳይከተል የተፈጸመ ግዥ፣ ሳይሰበሰብ የቀረ ገቢ፣ ከተፈቀደው በላይ የወጣ በጀት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን አልልም፤ ምክንያቱም ኦዲተሩ የሚጮኸው ጅቡ ገና በግቢው ውስጥ ሳለ ነው።

ዋናው ጥበብ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው። ኮሚቴው «ይህ ገንዘብ የት ገባ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጥያቄው አራት ቃል ነው፤ መልሱ ግን በቅድሚያ ስለ ተሰጠው ዕድል አመስግኖ፣ ግኝቱ ገንቢ መሆኑን መስክሮ፣ ችግሩ በቀድሞው አመራር ዘመን የተፈጠረ መሆኑን አስታውሶ፣ የቅንጅት ጉድለትና የአቅም ውስንነት መኖሩን ሳይሸሽግ፣ ኮሚቴ መቋቋሙን፣ የድርጊት መርሐ ግብር መዘጋጀቱን፣ አቅጣጫ መቀመጡን፣ ሥራውም በሂደት ላይ መሆኑን አብራርቶ፣ የተሰጠውንም አስተያየት እንደ ግብዓት ለመውሰድ ቃል ገብቶ ሲያበቃ፣ ጠያቂውም ተመልካቹም ከአንድ ነገር በቀር ሁሉን ያውቃል። በዚህ ሁሉ ሐተታ ውስጥ፣ ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ አድራጊ የሚባል ሰው የለም፤ ኮሚቴው ይቋቋማል እንጂ አቋቋሚ የለውም፤ አቅጣጫው ይቀመጣል እንጂ ማን እንዳስቀመጠው፣ የትስ እንዳስቀመጠው አይታወቅም፤ ገንዘቡም በራሱ እግር ተራምዶ የወጣ ይመስላል።

ይህ መልስ ለጥቂት ገንዘብ ሲሰጥ የኖረ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተደነቅሁ። ነገር ግን ለ2017 ዓ.ም. 971.2 ቢሊዮን ብር ከጸደቀ በኋላ ዓመቱ ሳይጋመስ 582 ቢሊዮን ብር ያህል ተጨማሪ በጀት ሲጠየቅ፣ ለ2018 ዓ.ም. ደግሞ በጀቱ 1.93 ትሪሊዮን ብር ሲደርስ፣ መልሱ ያው የቀድሞው መልስ ሆኖ አንዲት ቃል ሳይጨምር፣ አንዲት ቃል ሳይቀንስ ጸንቶ ቆይቷል፤ በአገራችን የዋጋ ንረት ያልነካው ነገር ቢኖር የሹም መልስ ብቻ ነው።

የመልሱን ኃይል ለመፈተን በሰፈራችን ዕድር አንድ ሙከራ አድርጌያለሁ። የዕድሩ ገንዘብና ንብረት ያዥ፣ ጨዋና ዓይን አፋር ሰው፣ በወሩ ስብሰባ ላይ አንድ ድንኳንና አንድ ትልቅ የብረት ድስት የት እንደ ደረሱ ተጠይቀው ሲጨነቁ፣ አጠገባቸው ተቀምጬ ስለ ነበር የሚሉትን በጆሯቸው ሹክ አልኋቸው። እርሳቸውም ተነሥተው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ዕድራችን ከንብረት አያያዝ አኳያ የነበሩበትን ክፍተቶች ለይቷል፤ ድስቱን በሚመለከት የባለድርሻ አካላት ቅንጅት ጉድለት ታይቷል፤ ድንኳኑን ለማስመለስ አቅጣጫ ተቀምጧል፤ የቤቱንም አስተያየት እንደ ግብዓት እንወስዳለን» አሉ። ጸጥ ተባለ። እኔ ጭብጨባ እጠብቅ ነበር። ከወደ ኋላ ነጠላቸውን ተከናንበው የተቀመጡ አንዲት አሮጊት፣ «ልጄ፣ ግብዓቱን እዚያው ተወውና ድስቱን አምጣ» አሉ፤ ስብሰባውም በሳቅ ፈረሰ፤ በማግስቱም ድስቱ ከገንዘብ ያዡ የሚስት ወንድም ቤት ከነክዳኑ ተመለሰ፤ ድንኳኑ በሳምንቱ ተከተለ። ዕድራችን ሕገ መንግሥት የለውም፤ ያለው በእጅ የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብና እኒህ እማማ ናቸው።

ለዕድራችን ያልተገለጠለት ምሥጢር ግን በአራት ኪሎ ተገልጧል፤ እርሱም ጥያቄን በጅምላ የመቀበል ሥርዓት ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በጉባኤው በሚቀርቡበት ዕለት እንደራሴዎቹ ተራ በተራ እየተነሡ ስለ ጸጥታው፣ ስለ ኑሮ ውድነቱ፣ ስለ ማዳበሪያው፣ ስለ መንገዱ ይጠይቃሉ፤ ሁሉም ጠይቀው ከተቀመጡ በኋላ መልሱ በአንድነት፣ ለሰዓታት ይወርዳል፤ ከጥያቄዎቹ አንዱ በመንገድ ቢቀር የት እንደ ቀረ የሚያስታውስ የለም፤ ጠያቂውም «የእኔስ?» ብሎ እጁን ሊያነሣ ሲል ጭብጨባው ይቀድመዋል። ደግሞም በ2007 ዓ.ም. ምርጫ 547ቱንም ወንበሮች ኢሕአዴግና አጋሮቹ ያዙ፤ በ2013 ዓ.ም. ውጤታቸው በመጀመሪያ ከተገለጸው 436 ወንበሮች 410 ያህሉ የብልጽግና ፓርቲ ሆኑ፤ ጠያቂና ተጠያቂ በአንድ ፓርቲ ጉባኤ ጎን ለጎን የሚቀመጡ ወንድማማቾች ስለ ሆኑም፣ ጥያቄው ብዙ ጊዜ በምስጋና ተጀምሮ «ቢያብራሩልን» በሚል ልመና ይፈጸማል። ወንድም ወንድሙን በአደባባይ አያሳፍርም፤ ይህ ደግሞ የአስተዳደግ ጉዳይ ነው።

ከመደብሬ ብዙም ሳይርቅ ኢምፔሪያል የሚባል ሆቴል አለ፤ ሰፈሩም በስሙ ይጠራል። ይህን ሆቴል በአንድ ወቅት የገዛው ብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሕዝቡ ሜቴክ የሚለው፣ ማሽን እንዲሠራና ፋብሪካ እንዲተክል በ2002 ዓ.ም. የተቋቋመው የመንግሥት ድርጅት ነበር። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የዚያን ጊዜው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አቶ ብርሃኑ ጸጋዬ፣ ኮርፖሬሽኑ በጥቂት ዓመታት ውስጥ 37 ቢሊዮን ብር ያህል የሚያወጣ የውጭ አገር ግዥ ያለ ጨረታ እንደ ፈጸመ በመግለጫ ሲናገሩ፣ የሆቴሉም ግዥ ከክሱ ጋር ሲነሣ፣ እኛ የሰፈሩ ሰዎች የተደነቅነው በገንዘቡ ብዛት አልነበረም፤ የተደነቅነው በዚያ ሁሉ ዘመን ምክር ቤቱ ተሰብስቦ፣ ሪፖርት ሰምቶ፣ በጀት አጽድቆ ሲበተን ሆቴሉ በአደባባይ ቆሞ መታየቱ ነበር። ብረት አቅላጭ ሆቴል ምን ያደርግለታል ብሎ ለመጠየቅ ኦዲተር መሆን አያሻም፤ ከመገናኛ ወደ ገርጂ ታክሲ መሳፈር ይበቃል።

ዓይናችንን ወደ ሰሜን ብናነሣ ደግሞ በየካ ተራራ ላይ የጫካ ፕሮጀክት የተባለው የቤተ መንግሥትና የከተማ ግንባታ አለ። የዚህ ሥራ ወጪ በ2015 ዓ.ም. በምክር ቤቱ በተነሣ ጊዜ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከመንግሥት በጀት የተጠየቀ ገንዘብ አለመኖሩን ለእንደራሴዎቹ አስረዱ። እኔ ከሰማኋቸው መልሶች ሁሉ ይህን የመሰለ አላገኘሁም፤ ሌሎቹ መልሶች ጥያቄውን ይዞሩታል፤ ይህ ግን ጥያቄውን ከሥሩ ይነቅለዋል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከመቶ ዓመት በፊት «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፋቸው የንጉሡ የግል ሀብትና የመንግሥት ገንዘብ እንዲለያዩ መክረው ነበር፤ ምክራቸው ዘግይቶም ቢሆን በተገላቢጦሽ ተፈጸመ፤ ዛሬ በጀት የሆነውና በጀት ያልሆነው ገንዘብ በሚገባ ተለይቷል፤ ልዩነቱም ሁለተኛውን ማንም የማይመረምረው መሆኑ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ግን ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎችን ባለሥልጣናት ጠርቶ እንዲጠይቅ፣ የአስፈጻሚውንም አሠራር እንዲመረምር ሲፈቅድ፣ ከበጀት የወጣውን ብቻ ብሎ አጥር አላጠረም፤ ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ተራራው ላይ የሚመጣውን አላዩም መሰለኝ።

መጠየቅን በሚመለከት አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ማመልከቻዬ ጎደሎ ይሆናል። እንግሊዞች የመንግሥትን ወጪ የሚመረምር ኮሚቴ በ1861 እ.ኤ.አ. ካቋቋሙ በኋላ፣ ገንዘቡን የሚያወጣውና ወጪውን የሚመረምረው አንድ ሰው እንዳይሆን ሰብሳቢነቱን ለተቃዋሚው ወገን መስጠትን ልማድ አደረጉ፤ የእኛም ምክር ቤት ከ2013ቱ ምርጫ በኋላ ይህን መልካም ልማድ ተከትሎ የወጪ ቁጥጥሩን ኮሚቴ ለአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ አባል ለአቶ ክርስቲያን ታደለ ሰጠ። አቶ ክርስቲያን በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ በአማራ ክልል ሁኔታ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን ታሰሩ፤ ያለመከሰስ መብታቸውም የተነሣው ከታሰሩ ከወራት በኋላ ነው፤ አንቀጽ 54 ግን አንድ የምክር ቤት አባል እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ እንዳይያዝ ይላል። መንግሥት የታሰሩበት ምክንያት ሌላ ነው ይላል፤ በነገሩ ላይ የምፈርድ እኔ አይደለሁም። እኔ የማስተውለው የሂሳቡን ሚዛን ብቻ ነው፤ በዚያ አዳራሽ ከጠረጴዛው ወዲህ ተቀምጠው ሲጠይቁ የነበሩት ሰብሳቢ ወህኒ ሲወርዱ፣ ከጠረጴዛው ወዲያ ተቀምጠው «በሂደት ላይ ነው» ሲሉ ከኖሩት ውስጥ ስንቶቹ በዚሁ መልሳቸው ምክንያት ከወንበራቸው ተነሥተዋል?

እንግዲህ ወደ ልመናዬ ልምጣ። በፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008፣ አዋጁ በወጣበት ጊዜ በተደነገገው መሠረት፣ አንድ ነጋዴ ደረሰኝ ሳይቆርጥ ለፈጸመው ለእያንዳንዱ ሽያጭ 50 ሺህ ብር ይቀጣ ነበር። በመደብሬ አንድ ደብተር ገዝቶ ደረሰኝ ሳይጠብቅ ወደ ትምህርት ቤቱ የሚሮጥ ሕፃን ለእኔ እጅግ አስፈሪ ፍጡር ነው። ስለዚህ የግብር ተቆጣጣሪው መጥቶ «ደረሰኙ የታለ?» ባለኝ ጊዜ ለእናንተ የተፈቀደው መልስ ለእኔም እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እለምናለሁ፤ ይኸውም ስለ ተሰጠኝ ዕድል አመስግኜ፣ ችግሩ ከእኔ በፊት መደብሩን ተከራይቶ በነበረው ሰው ዘመን የተፈጠረ መሆኑን አስረድቼ፣ ደረሰኙን የማሰባሰቡ ሥራ በሂደት ላይ መሆኑን ገልጬ፣ አስተያየቱን እንደ ግብዓት ወስጄ በሰላም ልሸኘው ነው። ቢጸናብኝ ደግሞ ዕቃው ወዳጆቼ የለገሱኝ እንጂ ከመሥሪያ ቤቱ የተጠየቀ ስላልሆነ አይመለከተውም ብዬ ነገሩን ከሥሩ እንድነቅል ይፈቀድልኝ። አከራዬም፣ የልጆቼ ትምህርት ቤትም፣ መብራቱም፣ ውኃውም ጥያቄያቸውን በአንድ ቀን አከታትለው ቢያቀርቡልኝ፣ እኔም ከሰዓት በኋላ አራት ሰዓት ያህል በአንድነት ብመልስላቸው፣ ስለ ኪራዩ ሳላነሣ ብጨርስም እንዲያጨበጭቡልኝ መመሪያ ቢሰጥ ደስታዬ ወሰን አይኖረውም።

ይህ የማይቻል ከሆነ ግን አማራጭ ልመና አለኝ። መንግሥት እንድገዛ ያስገደደኝ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ታማኝ መሣሪያ ናት፤ አምስት ብር ስትገባ ጮኻ ታትማለች፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የባለቤቱን ስምና የግብር ከፋይነት ቁጥሩን ሳትጠየቅ ትናገራለች፤ «አቅጣጫ ተቀምጧል» የሚል ቁልፍ የላትም። እርሷን ለአንድ የበጀት ዓመት፣ ማለት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30፣ ለምክር ቤታችሁ በነጻ ላውሳችሁ ፈቃደኛ ነኝ፤ ገንዘብ በወጣ ቁጥር ማን እንዳዘዘ፣ ማን እንደ ተቀበለ፣ በምን ጨረታ እንደ ተሰጠ ታትምና ወረቀቱ ለቋሚ ኮሚቴው ይሂድ። ወረቀቱ ቶሎ ቶሎ እንደሚያልቅ አውቃለሁ፤ የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ ነኝና ጥቅሉን እኔ አቀርባለሁ፤ ለዚህም፣ እንደ ሕጉ፣ ደረሰኝ እቆርጣለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የገርጂው ባለ መደብር

ግልባጭ፦
ለፌዴራል ዋናው ኦዲተር መሥሪያ ቤት (ማንበብ ለምደዋልና)
ለሰፈራችን ዕድር፣ ለእማማ