ሁሉም ጂም ከሆነ

ዘ ኦፊስን ያየ ሰው ሁሉ ጂም ነው። መቼም የምነጫነጭበት አጥቼ አይደለም፤ የኑሮ ውድነቱ አለ፣ የመብራቱ ነገር አለ፣ የታክሲው ሰልፍ አለ። እኔን ግን እንቅልፍ የነሣኝ ይኼ ነው። ስለ ሌላው ሲወራ ሁሉም ዳኝነት ያውቅበታል። “አለቃችን ቁርጥ ማይክል ስኮትን!” “የሒሳብ ክፍሏ ሴትዮ አንጀላ ናት።” “ያ ጥግ ላይ የተቀመጠው ኬቨን ነው፤ አምስት ሰዓት ሳይሞላ ምሳውን ይጨርሳል።” ተራው ራሱ ላይ ሲደርስ ግን ድምፁን ለስለስ ያደርግና “እኔ እንግዲህ... ጂም ብጤ ነኝ” ይላል። “እኔስ ያን ማንም የማይፈልገውን ቶቢን ነው የምመስለው” ያለ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ባለፈው ደግሞ የእህቴ ልጅ፣ የመጀመሪያ ደመወዟን እንኳ ገና ያልበላች፣ “ጋሼ፣ እኔ'ኮ እዚያ ቢሮ ጂም ነኝ” አለችኝ። እንዲያው ለመሆኑ፣ ሁሉም ጂም ከሆነ ስቴፕለሩን ጄሎ ውስጥ የሚያገኘው ማን ሊሆን ነው?

ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ድራማው የተጀመረው እንግሊዝ አገር ነው፤ ሪኪ ጀርቬይስና ስቲቨን መርቻንት እ.ኤ.አ. በ2001 ለቢቢሲ ሠሩት። ከዚያ ግሬግ ዳንኤልስ ወደ አሜሪካ አሻገረውና ኤንቢሲ ከ2005 እስከ 2013 በዘጠኝ ሲዝን 201 ክፍል አሳየው። ታሪኩ ደንደር ሚፍሊን የተባለ ድርጅት በፔንሲልቫኒያዋ ስክራንተን ከተማ ባለው ቅርንጫፉ ውስጥ ስለሚውሉ ሰዎች ነው። የሚሸጡት ወረቀት ነው። አሜሪካኖቹ ገና በዚህ ይስቃሉ፤ በኮምፒውተር ዘመን ወረቀት! እኔ አልስቅም። ደብዳቤው በግልባጭ፣ ግልባጩ በማኅተም፣ ማኅተሙ በፊርማ ካልተደገፈ ሰው መወለዱን ለማያምን ሕዝብ ወረቀት መሸጥ የጽድቅ ሥራ ነው።

የተመልካች ቁጥር የሚከታተለው ኒልሰን እንዳለው፣ በ2020 ብቻ አሜሪካኖች ይህን ድራማ 57.1 ቢሊዮን ደቂቃ አይተውታል። ልብ አድርጉልኝ፤ ወረርሽኙ ሰውን ከቢሮው አባርሮ ቤቱ የቆለፈበት ዓመት ነው። ከአለቃ ፊት ተገላገልኩ ያለው ሁሉ ሶፋው ላይ ተጋድሞ የሰው አለቃ ሲያይ ከረመ።

ወደ ጂም ልመለስ። ጂም ሃልፐርት የሽያጭ ሠራተኛ ነው፤ ረጅም፣ ጸጉሩ ያልተበጠረ፣ የሸሚዙ እጅጌ የተጠቀለለ። ድራማው ዘጋቢ ፊልም ሠሪዎች ቢሮው ውስጥ ከርመው እንደቀረጹት ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ፣ ካሜራ እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ታዲያ የሞኝ ነገር በተነገረ ቁጥር ጂም አንገቱን ዞር ያደርግና ካሜራውን ያያል። ሳቅ አልተጨመረበትም፤ የት ላይ እንደምትስቁ የሚነግራችሁ የጂም ፊት ነው። “አያችሁልኝ?” ይላል ያ ፊት። “እዚህ ቤት ጤነኞቹ እኔና እናንተ ብቻ ነን።” ጤነኛ ነህ ሲሉት እምቢ የሚል ማን አለ? ሰው ሁሉ ጂም የሆነው በዚያች ዞር ማለት ነው እላለሁ።

ቀልዶቹ አስቀውኛል፤ አልክድም። ገና በመጀመሪያው ክፍል የዴስክ ጎረቤቱን የድዋይትን ስቴፕለር ቢጫ ጄሎ ውስጥ ከቶ አረጋው። ዴስኩን ከነወንበሩ ሽንት ቤት ወስዶ ተከለለት። በአሥራ አንድ ዶላር መነጽርና ልብስ ገዝቶ ራሱን ድዋይትን አስመስሎ መጣ። ከወደፊቱ ድዋይት የተላከ ነው ብሎ “ቡናው ተመርዟል” የሚል ፋክስ ላከለት፤ ድዋይትም ሮጦ ሊጠጣ ከነበረው ሰው እጅ ኩባያውን አስጣለ። ይህን ባየሁ ቁጥር እስክወድቅ እስቃለሁ። ሆኖም ልብ ብላችሁ አይታችሁታል? ሰውየው ቡናው ተመርዟል ሲባል የራሱን ኩባያ አይደለም የያዘው። የሥራ ባልደረባውን ለማዳን ነው የሮጠው።

ድዋይት ሽሩት ከአጎቱ ልጅ ከሞዝ ጋር እርሻ ላይ ይኖራል፤ ቀይ ሥር ያመርታል፤ በትርፍ ጊዜው የበጎ ፈቃድ ረዳት ሸሪፍ ነው፤ ቢሮው ውስጥ የጦር መሣሪያ ደብቋል፤ በሽያጭ ደግሞ የሚደርስበት የለም። ጸባዩን ልሸፍንለት አልችልም። ባልደረቦቹ ለእሳት አደጋ ያላቸው ዝግጁነት አላረካው ቢል በሮቹን ቆላልፎ የምር እሳት የለኮሰ ሰው ነው፤ በዚያ ግርግር ባልደረባቸው ስታንሊ ልቡን ይዞት ወደቀ። ጎረቤቴ ቢሆን መኝታ ቤቴን ወደ ጓሮ አዞር ነበር።

ግን ይህ ሰው አዲስ አበባ ቢሆንስ ኖሮ? የዕድር ጸሐፊ ነው የሚሆነው፤ አልጠራጠርም። በየወንበሩ ጀርባ በቀይ ቀለም ቁጥር የሚጽፈው እሱ፤ ከሰባ ወንበር አንዱ ቢጎድል ቁጥሩን በቃሉ ጠርቶ የተዋሰው ቤት ድረስ የሚሄደው እሱ፤ “አሞኝ ነው ከቀብር የቀረሁት” ለሚል የሐኪም ወረቀት የሚጠይቀው እሱ። ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የመተዳደሪያ ደንቡን አንቀጽ እየጠቀሰ ሰብሳቢውን የሚያናድደው እሱ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰው ቢሞትባችሁ ለማን ትደውላላችሁ? ለጂም? ጂም ከልቡ ያዝናል፤ ጠዋት ይመጣል፤ ሴቶቹን ያጽናናል፤ አንዱ አጉል ንግግር ሲጀምር ደግሞ ዞር ብሎ ካሜራ ይፈልጋል። ድዋይት ግን ስልኩ ሳይዘጋ ጫማውን አጥልቋል። የድንኳኑን ካስማ፣ የአውቶቡሱን ወንበር፣ የንፍሮውን ስንዴ በኪሎ አስልቶ ይደርሳል። ሳጥኑ በበሩ ያልፍ እንደሆነ በሜትር ይለካል። በሐዘንተኛው ፊት ነው የሚለካው፤ ክፋቱ እሱ ነው። መዋጮ ያልከፈለ ሰው ንፍሮ ሲዘግን ደግሞ ዓይኑን ተክሎ እጁን ይቆጥርለታል። ቢሆንም ለቅሶው ይወጣል። ሦስተኛው ቀን ላይ ድንኳኑ ሲፈርስ አንድ ገመድ አይጠፋም። ሠልስቱ ሲያልፍ እናንተ እሱን ታሙታላችሁ፤ እሱ ግን የሚቀጥለውን ሰው ዝርዝር ጀምሯል፤ ማን እንደሆነ ባያውቅም ዕድሜ እየቆጠረ ይገምታል።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ አስረዳሁ። “አንተ ራስህ ድዋይት ስለሆንክ ነው” አለችኝ።

ሳቄ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ወቅት በሠራሁበት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ አንድ አዛውንት ነበሩ። ጠዋት ከጥበቃው እኩል ይገባሉ። ፋይል ያለ ፊርማ ከበራቸው አይወጣም፤ ሚኒስትር ቢልከው አይወጣም። ፎቅ ላይ ያሉት ዘመናዮች ታዲያ መዝናኛቸው እሳቸው ነበሩ። የቀን ማኅተማቸውን ይደብቃሉ፤ አነጋገራቸውን እየቀዱ ካፍቴሪያ ያስቃሉ፤ አንድ ዓርብ ማታ የሣጥኖቹን ምልክት አቀያይረውባቸው ሰውየው ቅዳሜን ሙሉ ያለ አበል ሲያስተካክሉ ዋሉ። ሰኞ ሣጥኑ ሁሉ ቦታው ነበር። እነዚያው ልጆች ግን ኦዲት መጣ በተባለ ቀን ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለሉ እየወረዱ “ጋሼ፣ በናትዎ፣ ያቺን ፋይል!” ይላሉ። ጋሼ ሳያስፈርሙ አይሰጧቸውም ነበር። ደግ አደረጉ! ምን በደሉ? ሥራቸውን መውደዳቸው ነው? በአንድ አገር ሥራውን አክብሮ የሚሠራ ሰው የቢሮው መቀለጃ፣ ሥራውን ንቆ ዞር የሚለው ደግሞ የቢሮው ውድ ልጅ ከሆነ፣ የእኔ ጉዳይ ለምን “ነገ ተመለስ” እንደሚባል መጠየቅ አያስፈልገኝም። ጂም ራሱ በመጀመሪያው ሰሞን ተናግሮታል፤ ከዚህ በላይ ዕድገት ካገኘሁ ይህ የዕድሜ ልክ ሥራዬ ይሆናል፣ ያን ጊዜ ባቡር ፊት ነው የምገባው ዓይነት ነገር። እንጀራውን እንዲህ እየናቀ ስታምፎርድ ቅርንጫፍ ደረስ ብሎ ተመለሰ፤ ደመወዙንም ወር በወር በላ። በስድስተኛው ሲዝን ከማይክል ጋር አለቃ አደረጉት፤ የደመወዝ ጭማሪውን ለማን እንደሚሰጥ ቢጨንቀው የሠራተኞቹን ፎቶ ደርድሮ ባቄላ እያስቀመጠ አከፋፈለ። በባቄላ! ያ ሁሉ ዞር ማለት ለዚህ ነበር?

የቤቱን ነገርማ ተዉት። ለእጮኛው ለፓም ሳይነግራት የወላጆቹን ቤት ገዛ። የአማቷን ቤት፣ ከነምንጣፉ! ግድግዳው ላይ የሰርከስ ቀልደኛ ሥዕል አለ፤ ቢጎትቱት፣ ቢፈነቅሉት አይነቀልም። ሙሽራ ሆና ገብታ አማቷ በመረጡት ሥዕል ሥር ልትኖር ነው። ፓም ደስ አለኝ አለች። ጋራዡን የሥዕል ስቱዲዮ አድርጎላታልና እውነቷን ሊሆን ይችላል። መጨረሻው ክፍል ላይ ግን እሷም በተራዋ ሳትነግረው ቤቱን ሸጠችው፤ ስለ ፍቅር ብላ ነው ይላሉ። እኔ እንጃ።

ደግሞ እንዲህ ብዬ ሳበቃ ያ ክፍል ትዝ ይለኛል። የፓም የድሮ እጮኛ ሮይ ጂምን ሊደበድብ ሲንደረደር ድዋይት በርበሬ የሚረጨውን ጠርሙስ መዝዞ ዓይኑ ላይ ረጨበት። ጂም ሊያመሰግነው ስጦታ ይዞ ሄደ። ድዋይት አልቀበልም አለ፤ ዜጋ ግዴታውን ስለተወጣ አይሸለምም ነው ነገሩ። ጂም እሽጉን ይዞ ቆሞ ቀረ፤ የሚለው ጠፋው። ሌላ ቀን ደግሞ ፓም ኮሪደር ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ የደረሰላት ድዋይት ነው፤ መሐረብ ሰጣት፣ ማን እንዳስለቀሳት ጠየቃት፣ ሄዶ ሊቀጣ። የሴት ነገር ነው ብሎ የማይገባ ነገርም ጨመረበት፤ ቢሆንም ከአጠገቧ አልተነሣም። በመጨረሻ ሲያገባ ሚዜ ያደረገው ጂምን ነው። ጂምም የዚያን ዕለት ቀልዶች ሁሉ ለእሱ ስጦታ አደረጋቸው፤ የመጨረሻውም ቀልድ ሚዜነቱን ለማይክል ስኮት መልቀቁ ነበር። ድዋይት ማይክልን ሲያይ ፊቱ የሆነውን የተመለከተ ሰው ጂምን መጥላት አይችልም። እኔም ሞክሬ አልሆነልኝም።

ማይክል ስኮትን ደግሞ ምን ላድርገው? እሱን የሚጫወተው ስቲቭ ኬረል በሰባተኛው ሲዝን መጨረሻ አካባቢ ሲሄድ፣ እኔ መቼም ለአለቃ ሽኝት ብስኩትና ለስላሳ ፍለጋ እንጂ ለሌላ ሄጄ የማላውቅ ሰው፣ ዓይኔን ስጠርግ ተያዝኩ። ሆኖም በስድስተኛው ሲዝን ያለችውን ያቺን ክፍል ማየት አልችልም። ለድሃ ተማሪዎች፣ ገና ሦስተኛ ክፍል ሳሉ፣ ሁለተኛ ደረጃን ከጨረሳችሁ የኮሌጅ ክፍያችሁ በእኔ ብሎ ነበር። ሊጨርሱ ደረሱ። ጨፍረው፣ ዘፍነው ተቀበሉት። የሰጣቸው የላፕቶፕ ባትሪ ነው፤ ላፕቶፑ እንኳ የለም። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ቃል ሲገባ ደስ የሚለው፣ ደስታውም ከልብ የሆነ ሰው ነው። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ያን ጊዜ ስታንሊን እመኛለሁ፤ መስቀለኛ ቃላቱን እየሞላ ማንንም ሳይሰማ አሥራ አንድ ሰዓት የሚሆንበትን የሚጠብቀውን። እሱ በዓመት አንዴ ነጻ ፕሬትዝል ሲታደል ብቻ ነው የሚስቀው፤ ለሰው ቃል ገብቶም አያውቅ።

እህቴ ድራማውን አታየውም፤ እኔና ልጇ ስንጨቃጨቅ እየሰማች ነው ገጸ ባሕርያቱን ያወቀቻቸው። አንድ ማታ የኬቨንን ቺሊ ነገርኳት። በዓመት አንዴ የሚሠራው የቤተሰብ ወጥ ነው፤ በርበሬውን ራሱ ይቆላል፣ ነጭ ሽንኩርቱን ይጨፈልቃል፣ ከዋዜማው ሌሊት ጀምሮ ይሠራል። ጠዋት ትልቁን ድስት ታቅፎ ሰው ሳይገባ ቢሮ ደረሰ፤ ቺሊው ምንጣፉ ላይ ተደፋ። ያ ግዙፍ ሰው በጉልበቱ ተንበርክኮ በሰነድ መያዣና ባገኘው ወረቀት እየዛቀ ወደ ድስቱ ሊመልሰው ይታገላል። እኔ መሳቅ ይሁን ማልቀስ እስከ ዛሬ አልለየልኝም።

እህቴ ፊቷ ተለወጠ። አዘነች ብዬ ነበር።

“ምስጢሩ ምንድን ነው አለ?” አለችኝ።

“ሽንኩርቱን ብዙ አለማብሰል ነው ብሏል።”

“ቁሌቱ ጥሬ?” አለች። “ታዲያ ቢደፋስ?”